ለሙሴ የተቀመጥነው ለቅሶ

ኦግደን ቤት የገዛነው ወደን አይደለም። ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ አቅማችን የፈቀደው እሱን ብቻ ስለነበረ ነው። ሰፈሩ ከባቡሩ ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ድሮ ባቡር የሚጠገንበት ትልቁ ሾፕ ሲከፈት ለሠራተኞቹ ተብለው የተሠሩ የእንጨት ቤቶች ዛሬም በየመንገዱ አሉ፤ የእኛም ከነሱ አንዱ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ደረጃው በተረገጠ ቁጥር የሚያቃስት፣ መታጠቢያ ቤቱ አንድ፣ ያውም ጠባብ። ግቢው ውስጥ ፉርጎ ከፉርጎ ጋር ሲያያዝ ኳኳታው ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ እየተቀባበለ እስከ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ያኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንቀጫቀጫሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን "ይሄ ቤት አንድ ቀን ከባቡሩ ጋር ተያይዞ ይሄዳል" እያለ ይቀልድ ነበር። ቆይቶ ግን ቀልዱን ተወው።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው ሁሉ "እስካሁን ኦግደን ናችሁ?" ይለናል፤ በሽተኛ በሚጠየቅበት ድምፅ። የጉባኤያችን ሰው አብዛኛው ሳድል ሪጅ ነው የሚኖረው። ትንሽ የደላቸው ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ቸስተርሚር ገብተዋል። እኛ ብቻ ነበርን ከተማውን አቋርጠን የምንመጣ፣ ዘግይተን የምንገባ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የምንቀመጥ።

አባቴን ያመጣሁት እናቴ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ነው። ያለሁት ልጅ እኔ አንድ ነኝ። ስፖንሰር አድርጌው ሲመጣ ሰማንያ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ በባቡሩ ጋራዥ ነው የሠራው፤ ሎኮሞቲቭ ፈታትቶ የሚገጥም መካኒክ ነበር። እሱ ግን ባቡር አይልም፣ "ሽማንደፈር" ነው የሚለው፤ ከፈረንሳዮቹ አለቆቹ እንደሰማው።

በደረሰ ማግስት ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ኮቱን ለብሶ መስኮቱ ጋ ቆሞ አገኘሁት።

"እዚህ ባቡር አለ እንዴ?" አለኝ።

"አዎ አባዬ፤ ይቅርታ፣ ትንሽ ይረብሻል። ትለምደዋለህ።"

"ምኑን ነው የምለምደው? ለምጄው አይደል የመጣሁት!" አለና ሳቀ። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ያም ሆኖ ቀኑ ይረዝምበት ነበር። ባለቤቴ ትራክ ስለሚነዳ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ አይመጣም። እኔ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የሰው አባትና እናት አጥቤ፣ አልብሼ፣ አብልቼ ነው የምመለሰው። ልጄ ትምህርት ቤት ትውላለች፤ ስትመጣም አማርኛዋ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አያልፍም። አባቴ ከጠዋት እስከ ማታ ከግድግዳ ጋር ሲፋጠጥ ይውላል። ባለቤቴ "አባባ፣ አልተመቸዎትም እንዴ?" ሲለው "ተመችቶኛል" ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ለወጉ ያህል "አንቱ አትበለኝ፣ ድሬ ላይ አንቱ የሚባል የለም" ይለዋል።

ከጎናችን ያለው ቤት አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ይኖር ነበር። ሾፑ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ስንገባ እጁን አንስቶ ሰላም ብሎናል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስናናግረው አይመልስም። እኔ ኩራት መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ግን ገና ሳንነሳ የደጃችንን በረዶ ጠርጎልን አገኘነው፤ ላመሰግነው ብወጣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ጆሮው እንደማይሰማ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሾፑ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ነው የደነቆረው። የአባቴም ጆሮ በዚያው ዓይነት ነው የሄደው።

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል፣ አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ዕቃ ሳጥብ በመስኮት አየኋቸው። ሽማግሌው የሣር ማጨጃ ሞተር ፈትቶ መሬት ላይ ዘርግቷል። አባቴ በኮትና በባርኔጣ አጥሩ ጋ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል። ከዚያ አባቴ በጣቱ እያመለከተ አንድ ነገር ተናገረ። ሽማግሌው መፍቻው ከእጁ ወደቀበት። ብድግ አለና ጮኸ። አባቴም ጮኸ። የተጣሉ መስሎኝ እጄ በሳሙና እንደተነከረ ሮጥኩ።

ጠብ አልነበረም። ሁለቱም ስለማይሰሙ ነው የሚጮኹት። የሚጮኹትም በፈረንሳይኛ ነው።

አባቴ ፈረንሳይኛ እንደሚያውቅ አውቅ ነበር፤ ግን የመፍቻና የብሎን ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። በእንግሊዝኛ እንዲህ አለኝ፦ "እኔ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ሰስካችዋን ውስጥ፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርባት አንዲት መንደር ነው የተወለድኩት። ሚስቴ ቋንቋውን አትችልም ነበር፤ ልጄም አልተማረችውም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ሰው በዚህ ቋንቋ አናግሮኝ አያውቅም። አባትሽ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ጌታዬ፣ ያን ነገር ገልብጠህ ነው የገጠምከው' አለኝ።"

"እውነት ነው?" ብዬ አባቴን በአማርኛ ጠየቅሁት።

"አዎ፣ ገልብጦ ነው የገጠመው" አለ አባቴ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ሥራ እንዳለው ሰው ሆነ። ጠዋት ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይወጣል። ሰውየውን "ሙሴ" ነው የሚለው፤ በድሬ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው፣ ከፈረንሳይኛው 'ሙስዩ'፣ ጌታዬ ከሚለው። ሰውየው ደግሞ አባቴን "ሼፍ" ይለዋል፣ አለቃ እንደ ማለት ነው። በረንዳው ላይ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ሲሰለቻቸው እስከ መንገዱ መጨረሻ በእግር ይሄዱና የሽቦ አጥሩ ጋ ቆመው የባቡሩን ግቢ ያያሉ። አባቴ የአዲስ አበባው ባቡር ጣቢያ ሰፈር እስከ ዛሬ "ለገሃር" እንደሚባል ሲነግረው፣ ሙሴ ፈረንሳይኛው 'ላ ጋር' እንዴት እንደተበላሸ ገብቶት እስኪያስለው ሳቀ። አባቴ ማታ ማታ ይነግረናል፦ "የገበሬ ፈረንሳይኛ ነው የሚናገረው፤ ግን ይገባኛል።" ሙሴን ሳገኘው ደግሞ፣ "የአባትሽ ፈረንሳይኛ ግማሹ የአለቃ ስድብ ነው፤ ሳቄን ልቆጣጠረው አልቻልኩም" ይለኛል።

ሙሴ ቲማቲም ይተክላል። አባቴ ቃሪያ አስተከለው። የዚህ አገር አፈር ቃሪያ አያበቅልም ብለን ነበር፤ ትንሽ ትንሽ፣ ጠማማ ጠማማ ነገር በቀለ። ሙሴ አንዱን ነክሶ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አባቴ በሳቅ ሞተ። ሙሴ ሲታመም አባቴ ሾርባ ይዞለት ይሄዳል። አባቴ ጉንፋን ሲይዘው ሙሴ ደጃችን ላይ በባርኔጣው ቆሞ "ሼፍ ደኅና ነው?" ይለኛል፤ አንድ ጊዜ አይበቃውም፣ ከሰዓትም ይመለሳል።

አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። አሁን ሳስበው አባቴ እዚህ አገር የኖረው እነዚያን አራት ዓመታት ብቻ ነው። እኔ ግን ያኔ አላየሁትም። እኔ የማየው የሚያቃስተውን ደረጃ፣ አንዱን መታጠቢያ ቤት፣ ልጄ ያለ ሐበሻ ጓደኛ ማደጓን ነው። አባቴ ከሰው ተለይቶ፣ የቋንቋው ሰው በሌለበት፣ ከአንድ ደንቆሮ ፈረንጅ ጋር ብቻውን የሚያረጅ መሰለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም "አባትሽን ከሰው መሐል አምጪያቸው እንጂ፤ እዚህ እኮ አማርኛ የሚያጫውቷቸው እኩዮቻቸው ሞልተዋል" ይሉኛል። ሳድል ሪጅ አንድ ቤት ሲገኝ ለመወሰን ሁለት ቀን አልፈጀብንም።

ለአባቴ ስነግረው ዶሚኖውን ከኪሱ እያወጣ ወደ ሳጥኑ ይመልስ ነበር። እጁን አላቆመም።

"ሩቅ ነው?" አለ።

"በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው አባዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ አመጣሃለሁ። ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው። ደግሞ የራስህ መታጠቢያ ቤት ይኖርሃል።"

"እናንተ ካላችሁ ደግ" አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አልተናገረም።

ዕቃ በጫንን ቀን ሙሴ አጥሩ ጋ መጣ። ተጨባበጡ። እንደ ሥራ ሰዎች ጠበቅ አድርገው፣ አጭር። ሙሴ አንድ ቃል ተናግሮ ወደ ቤቱ ገባ። መኪና ውስጥ አባቴን ምን አለህ ብዬ ጠየቅሁት።

"'እስከ ነገ' አለኝ" አለ አባቴ። "አፉ ለምዶት ነው። ማታ ስንለያይ እንደዚያ ነበር የምንባባል።"

የሳድል ሪጅ ቤት ሰፊ ነው። ምንጣፉ እግር ይውጣል፤ ምንም ነገር አይሰማም። አባቴ የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ አጣ። ሽማግሌዎቹ እየመጡ ሊያጫውቱት ሞከሩ፤ ደጎች ናቸው፣ ግን ጮክ ብለው አይናገሩም፣ እሱም አይሰማቸውም። እየሳቁ ሲያዩት እሱም ይስቃል፤ ምን እንዳሉ ግን አያውቅም። ጸሎት ሲጀመር ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥና ከሁሉ በኋላ ይገልጣል። ከሙሴ ጋር በስልክ እንዳያወሩ ሁለቱም ስልክ አይሰሙም። አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር፤ ሁለቱም "አሎ! አሎ!" እየተባባሉ ቆዩና አባቴ ስልኩን መለሰልኝ።

ቅዳሜ እወስድሃለሁ ያልኩት ነገር መጀመሪያ ላይ ተፈጸመ። ሁለት ቅዳሜ ተከታትለን ሄድን። ከዚያ በሥራ ቦታ ሰው ሲጎድል ሺፍት ወሰድኩ፤ ከዚያ እኔ ያለሁበት የመዘምራን ልምምድ ወደ ቅዳሜ ዞረ፤ ከዚያ ልጄ ታመመች። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል። "አባዬ፣ ዛሬ አይመቸኝም፤ የሚመጣው ሳምንት" እለዋለሁ። "ግድ የለም" ይላል፤ ኮቱን ግን እስከ ምሳ ሰዓት አያወልቅም።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ። የከተማው ባቡር፣ የሲ-ትሬኑ ጥበቃ ነው። አባቴ ብቻውን ከሰፈራችን ጣቢያ፣ ከሳድልታውን ተሳፍሮ መሐል ከተማ ድረስ ሄዷል። ወደ ኦግደን የሚወስደውን አውቶብስ አጥቶ፣ በዚያ ብርድ ከአንዱ ማቆሚያ ወደ ሌላው ሲመላለስ ነው ያገኙት። ኪሱ ውስጥ ስልክ ቁጥሬ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። ሥራዬን ጥዬ በረርኩ። ስደርስ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጠውታል፤ ጓንት እንኳ አላደረገም።

ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ፈርቼ ነበርና ጮህኩበት። በሰው ፊት። "አንተ ሕፃን ነህ? ብትሞትስ? ከሥራዬ ልታስባርረኝ ነው?" አልኩት። ሥራዬ ላይ ያለ አንድ ሽማግሌ እንደዚያ ቢጠፋ በለሰለሰ ድምፅ ነው የማናግረው፤ ሠልጥኜበታለሁ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና "ጣቢያው የት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አውቶብሱ ነው የጠፋኝ" አለ። ሁለተኛ ብቻውን አልወጣም።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ እንደምንም ተነስቼ ኦግደን ወሰድኩት። የሙሴ ቤት ደጃፍ ላይ የሚሸጥ ነው የሚል ምልክት ተተክሏል። ቲማቲሙ ውርጭ መትቶት ጠቁሯል። አባቴ በሩን አንኳኳ፤ ደግሞ አንኳኳ። ከዚያ በጓሮ ዞሮ መስኮቱን በመዳፉ እየከለለ አየ። "የሚቀመጥበት ወንበር የለም" አለኝ።

የሙሴን ልጅ ስልክ ይዤ ነበር። ደወልኩላት። ሙሴ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል፤ ከሆስፒታል ሲወጣ የአረጋውያን መኖሪያ አስገብታዋለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "እንግሊዝኛ መናገር ተወ" አለችኝ። "ቀስ በቀስ ጠፋበት። አሁን የሚናገረው በፈረንሳይኛ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚረዳው የለም። እኔም አይገባኝም። በስልኬ ላስተረጉም ሞከርኩ፣ የሱን አነጋገር አይይዘውም። አባትሽ ሊመጡ ይችላሉ? እባክሽ።"

የዚህን ነገር አመጣጥ በሥራዬ አውቀዋለሁ። ሰው ሲያረጅ መጨረሻ የተማረው መጀመሪያ ይሄዳል። "እሺ፣ በዚህ ሳምንት" አልኳት። የወሰድኩት ግን በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ሙሴ ከስቶ፣ አልጋው ላይ እንደ ልጅ ሆኗል። ልጁ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ እኔን የምታህል፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ፣ "ቦንዡር ሙሴ" ብሎ ጮኸ። ነርሷ ደንግጣ በሩ ላይ ቆመች። ሙሴ ዓይኑን ገለጠ። አየው፣ አየው፣ ከዚያ "ሼፍ" አለና እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣ።

ብዙ አወሩ። ሙሴ ይናገራል፣ አባቴ ለእኔ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ ለልጁ በእንግሊዝኛ እነግራታለሁ። ውኃው ቀዝቃዛ ሲሆን ጥርሱን እንደሚያመው፣ መጋረጃው እንዲከፈትለት እንደሚፈልግ፣ የግራ እግሩ እንደሚደነዝዝ። ልጁ ሁሉንም በወረቀት ትጽፋለች። ወራት ሙሉ ያልገባትን ነው በአንድ ከሰዓት የሰማችው። ከዚያ ሙሴ ወደ እሷ አየና ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። አባቴ ሰምቶ ዝም አለ።

"ምን አለ አባዬ?"

አባቴ ወደ መስኮቱ እያየ ነገረኝ፦ "'ይቺ ሴትዮ ደግ ናት፣ ሁልጊዜ ትመጣለች፤ ግን ማን እንደሆነች አላውቃትም። ልጄ ቤት ትጠብቀኛለች። ራት ሳልደርስላት ቀረሁ። እባክህ ሼፍ፣ ሂድና አትስጊ በላት' ነው የሚለው።"

"ምን አለ?" አለችኝ ልጁ፤ እስክሪብቶዋን ይዛ።

ምን ላድርግ? "ሁልጊዜ ስለምትመጪ ደግ ናት ይላል" አልኳት። "ራት ሰዓት ቤት ሳልደርስ ቀረሁ ብሎም ተጨንቋል።" እሷ ፈገግ ብላ ጻፈችው። የአባቷን እጅ ሳመች።

ስንመለስ አባቴ "ጎደሎ ነገርሻት" አለኝ። ያን ያህል እንግሊዝኛ ገብቶታል።

"ምን ልበላት አባዬ?"

"እኔም አላውቅም" አለ።

ሁለተኛ ሳንሄድ ሙሴ ሞተ። ልጁ በቴክስት ነው የነገረችኝ። አስከሬኑ እንደተቃጠለ፣ እሱ በፈቀደው መሠረት ምንም ሥነ ሥርዓት እንዳልተደረገ፣ ለአባቴ ምስጋናዋን እንዳደርስላት። ሥራ ቦታ ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ማታ ቤት ስገባ አባቴ "ቅዳሜ ሙሴ ጋ እንሄዳለን?" አለኝ። "ሺፍት አለኝ" አልኩት። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ አልኩት። ስድስት ሳምንት ዋሸሁት።

በመጨረሻ ባለቤቴ "ይሄ ነውር ነው። መርዶ በወጉ ይነገራቸው" አለ። ከጉባኤያችን ሁለት ሽማግሌዎች ለምኖ ቅዳሜ ማለዳ ይዟቸው መጣ። አባቴ ገና ፊቱን መታጠቡ ነበር። ኮት የለበሱ ሰዎች በጠዋት ተሰልፈው ሲገቡ ያየ የእኛ አገር ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ፎጣውን እንደያዘ ቆመ።

"ማን ነው?" አለ። ከዚያ መልስ ሳይጠብቅ፣ "ሙሴ ነው" አለ።

ታላቁ ሽማግሌ "እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሼ" አለው።

"መቼ?"

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ነገርኩት። አባቴ አልተቆጣም። "የት ተቀበረ?" አለ። እንዳልተቀበረ ነገርኩት። "ማን አለቀሰለት?" አለ።

ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ "ሙሴ፣ ሙሴ" አለ፤ ከዚያ በእኔ ዕድሜ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አለቀሰ። ለእናቴ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም፤ ወይም ሲያለቅስ እኔ አልነበርኩም። ሲበርድለት አፍንጫውን በፎጣው ጠርጎ "ወንበር አምጡ" አለን። "ሰው ሞቶ እንዲሁ አይቀርም። እኔ እቀመጥለታለሁ።"

ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ታጣፊ ወንበሮች አመጣ። ወሬው ተሰማ። ሴቶቹ ዳቦና ምስር ወጥ ይዘው መጡ፤ ወንዶቹ ከሥራ መልስ ገቡ። ግማሹ አባቴ ወንድሙ የሞተበት መስሎት ነው የመጣው። እንግዳ በገባ ቁጥር "ሟቹ ምንዎት ነው?" ይሉታል።

"የሥራ ባልደረባዬ ነው" ይላል አባቴ።

አንድም ቀን አብረው አልሠሩም። ማናችንም ግን አላረምነውም።

ለሙሴ ልጅ አባቴ ለቅሶ እንደተቀመጠ ጻፍኩላት፤ ቅር እንዳይላት ብዬ ነው። እሁድ ከሰዓት ራሷ መጣች። በሩ ላይ የተከመረውን ጫማ አይታ የሷንም አወለቀችና በካልሲ ገባች። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ባለቤቴ "የሟቹ ልጅ ናት" ሲል ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አባቴ ከጎኑ አስቀመጣት። ከዚያ አንድ በአንድ እየመጡ እጇን ጨበጡ፤ ሴቶቹ አቅፈው አለቀሱ፤ አንዷ እናት "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" እያለች በአማርኛ ጀርባዋን አሻሸቻት። ልጁ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን ታይ ነበር። በኋላ አንገቷን ደፍታ ተንሰቀሰቀች።

ሻይ ልቀዳላት ወጥ ቤት ስንገባ እንዲህ አለችኝ፦ "ሰው መልእክት ልኮልኛል፤ አበባም መጥቶልኛል። ቤቴ የገባ ሰው ግን አልነበረም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያን ቀን በትክክል ምን ነበር ያለው? አባትሽ ዝም ሲሉ አይቻለሁ" አለችኝ።

አባቴን አስተርጓሚ አደረግሁ እንጂ እኔም አስተርጓሚ ነበርኩ፤ አደራ ነበረብኝ። ነገርኳት። አላወቀሽም ነበር አልኳት። ልጄ ቤት ትጠብቀኛለች፣ አትስጊ በላት ነው ያለው አልኳት። ብርጭቆውን አስቀምጣ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። "ትምህርት ቤት ሳለሁ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የምጠብቀው" አለች። "ከሾፑ ሲወጣ ገና ከመንገዱ ጥግ አየው ነበር።" ደስ አላት ወይስ ጎዳኋት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ሦስት ቀን ተቀምጦ በአራተኛው ተነሳ። ወንበሮቹን አጣጥፎ በመደርደር ባለቤቴን አገዘው። ሰፈሩን ማየት ይፈልግ እንደሆነ ብዬ በበጋው ወደ ኦግደን ልወስደው ጠየቅሁት። አሁን ቅዳሜዬ ነፃ ነበር። "ሰው የሌለበት ሰፈር ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። የእኛም የሙሴም ቤት በአንድ ሰው ተገዝተው እንደፈረሱ፣ በቦታቸው መንትያ ቤት እየተሠራ እንደሆነ ከባለቤቴ ሰምቻለሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም።

አሁን ብዙ አይናገርም። ጎንበስ ማለት ስለማይችል የእግሩን ጥፍር የምቆርጥለት እኔ ነኝ፤ እሁድ ከጉባኤ መልስ፣ እግሩን በሞቀ ውኃ ዘፍዝፌ። ባለፈው ሰሞን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስቆርጥለት ለዓመታት ያልተናገርኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

"አባዬ" አልኩት ጮክ ብዬ፣ "እዚህ ቤት ያመጣሁህ ለአንተ ብዬ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ። "እኔም ዝም ያልኩት ለአንቺ ብዬ ነው።"

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። የያዝኩትን እግሩን በፎጣ አደረቅሁ። እሱም ሌላኛውን እግሩን ሰጠኝ።